ለጀግና ወታደር የመንገድ ዳር መታሰቢያ፦ የአዲስ አበባ ዳርቻ ድንጋይ ቤቶች ሲመዘኑ

ከቡራዩ እስከ ገላን፣ ከሱሉልታ እስከ ሰበታ ባለው ዳርቻ ለሰፈሩ ባለ ሜዳይ ወታደር የመንገድ ዳር መታሰቢያ ላቁም የሚል የዕድር ኮሚቴ ወይም ቤተሰብ ሦስት ዓይነት ቤት ያገኛል። አንደኛው የመቃብር ሐውልት የሚሠራው ድንጋይ ቤት ነው። ሁለተኛው የወጥ ቤት ጠረጴዛና የደረጃ ንጣፍ የሚቆርጠው የእብነ በረድና ግራናይት ማሽን ቤት ነው። ሦስተኛው ባነርና ታፔላ የሚሠራው ማስታወቂያ ቤት ነው። ሦስቱም «እንሠራለን» ይላሉ፣ ሦስቱም ከስልካቸው ናሙና ፎቶ ያሳያሉ። ፎቶው ግን ድንጋዩ በተተከለ ማግስት የተነሣ ነው። «ሁለት ክረምት ያለፈበት ሥራችሁ የት ቆሟል?» ብላችሁ ጠይቁና ሄዳችሁ እዩት። ቦታ የማይጠቁም ቤት ከዝርዝሩ ይውጣ።

ፍርዱን አስቀድመን እንናገር። ሥራውን ጠቅልሎ ለአንድ ቤት መስጠት አያዋጣም። ጽሑፉን ማስታወቂያ ቤት ያዘጋጅ፣ ድንጋዩን ማሽን ቤት ይቁረጥ፣ ፊደሉን ሐውልት ሠሪው ይቅረጽ፣ መሠረቱን ደግሞ አፈሩን የሚያውቅ ግንበኛ ያውጣ። ማመላለሱ አድካሚ ነው፤ ዕቃ ሲበላሽም አንዱ በሌላው ያሳብባል። ያም ሆኖ የሚሻለው ይኸው ነው፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ቤት በሌላው ሙያ ሲገባ የሚሠራው ስሕተት ድንጋይ ላይ ነውና አይፋቅም።

ከድንጋዩ እንጀምር። ሐውልት ቤት ስትገቡ መጀመሪያ የሚታየው ነጭ እብነ በረድ ነው። ለመሮ ለስላሳ ነው፣ ሲወለወል ያምራል፣ አጥር ግቢ ውስጥ ደግሞ ብዙ ዓመት ይቆያል። ለአስፋልት ዳር ግን አንመክረውም። እብነ በረድ ካልሲየም ካርቦኔት በመሆኑ አሲድነት ያለው ዝናብና የመኪና ጭስ ውልውሉን ይበሉታል፤ የሲኖትራክ አቧራና የክረምት ጭቃ የቀረውን ይጨርሱታል። በማዕድን ጥንካሬ መለኪያ እብነ በረድ 3 ገደማ ሲሆን ግራናይት ከ6 እስከ 7 ይደርሳል። ልዩነቱ በሚስማር ይታወቃል፦ እብነ በረድ ይጫራል፣ ግራናይት አይጫርም። ሚስማር ካልተፈቀደላችሁ አንድ ጠብታ ሎሚ ጥግ ላይ ጣሉ። እብነ በረድ ከሆነ ያረፈበት ቦታ ይደበዝዛል።

ጥቁር ግራናይት ስትገዙ ሌላ ማጣሪያ ያስፈልጋል። ግራጫውን ድንጋይ በዘይት ወይም በቀለም አጥቁሮ መሸጥ በዚህ ንግድ የተለመደ ተንኮል ነው፤ በአንድ በጋ ፀሐይ ወደ ግራጫነቱ ይመለሳል። ነጭ ጨርቅ በአሴቶን (የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው ይበቃል) አርሳችሁ ጀርባውንም ፊቱንም እሹት። ጨርቁ ከጠቆረ ድንጋዩን ተዉት።

ውፍረት ላይ አትለሳለሱ። ማሽን ቤት ያለው ክምችት አብዛኛው 2 ሳንቲሜትር ነው፤ ይህ ለጠረጴዛ እንጂ በሰውና በከብት ለሚገፋ ድንጋይ አይሆንም። ቢያንስ 3 ሳንቲሜትር ይሁን። 100 በ70 ሳንቲሜትር የሆነ ባለ 3 ሳንቲሜትር ግራናይት 57 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ከላይ ይህን ያህል ክብደት የሚሸከም መደብ ያስፈልገዋል ማለት ነው። ለመደቡ ልባስ የአምቦ ድንጋይ ወይም የአካባቢው ጥርብ ጥቁር ድንጋይ ከግራናይቱ ጋር ደስ የሚል ገጽታ አለው፣ ይረክሳልም። የአምቦ ድንጋይ ግን አሸዋማ ስለሆነ ትንንሽ ፊደል አይይዝም፤ ጽሑፉን እሱ ላይ አታስቀርጹ። ነሐስ ይሁንልን የሚል ቤተሰብም አለ። አያዋጣም፤ ከመንገድ ዳር የተነቀለ ነሐስ መጨረሻው ቆራሌ ነው።

ቅርጹን በተመለከተ ሦስት መንገድ አለ። በመሮ በእጅ፣ በሳንድብላስትና በሌዘር። በእጅ የሚቀርጸው ባለሙያ ጥልቅና ሹል ጠርዝ ያወጣል፤ ግን ግራናይት ላይ ቀርፋፋ ነው፣ ዋጋውም በፊደል ስለሚቆጠር ረጅም ጽሑፍ ኪስ ያራቁታል። ሌዘር ፈጣንና ርካሽ ነው፤ የሚያደርገው ግን ጥቁሩን ውልውል ገጽ ከላይ ማንጣት ብቻ ነው። ቤት ውስጥ ያምራል፣ ደጅ አቧራ ሲይዘው ከሦስት ሜትር አይነበብም። ለዚህ ሥራ ትክክለኛው ሳንድብላስት ነው፦ ጽሑፉ በፕሎተር (በስቲከር መቁረጫ ማሽን) ወፍራም የላስቲክ ስቲከር ላይ ይቆረጣል፣ ስቲከሩ ድንጋዩ ላይ ይለጠፋል፣ ክፍት የሆነውን ቦታ በአየር ግፊት የሚወጣው አሸዋ ይበላዋል። ጥልቀቱ ከ2 ሚሊሜትር እንዳያንስ በውሉ አስጽፉ። መለኪያ ከሌለ የጥፍር ጫፍ ይበቃል፤ ፊደሉ ውስጥ ገብቶ ካልያዘ ጥልቀት የለውም።

ሳንድብላስት ላይ የሚበላሸው ነገር ሁልጊዜ አንድ ነው። የግዕዝ ፊደል ዝግ ቀለበት የበዛበት ነው። «መ» ሁለት ክብ አለው፣ «ወ» ሁለት፣ «ዐ» አንድ፣ የ«ቄ» እና የ«ሜ» ቀለበት ደግሞ ከምስር ያንሳል። በእነዚህ ክቦች መሐል የሚቀረው የስቲከር ፍርፋሪ አሸዋው ሲመታው ይነሣና ክቡ በሙሉ ይጎደጉዳል፤ «መታሰቢያ» የሚለው ቃል መጀመሪያው ላይ ሁለት ጉድጓድ ይዞ ይቀራል። ፊደሉ ከ2 ሳንቲሜትር ባነሰ ቁጥር ችግሩ ይብሳል። መፍትሔው ፊደሉን ማሳደግ፣ ፎንቱን ደልደል ያለ መምረጥና ድንጋዩን ስቲከር ከመለጠፉ በፊት በአልኮል ማጽዳት ነው። ዘይት ወይም አቧራ ባለበት ገጽ ላይ ምንም ስቲከር አይይዝም።

ቀለሙ ስቲከሩ ሳይነሣ መቀባት አለበት፤ ስቲከሩ ከተነሣ በኋላ በብሩሽ የሚሞላ ቤት ጠርዙን ያዝረከርካል። ወርቅማ ስፕሬይ ሁሉም ቤት የሚወደው ነው፤ ከ2,000 ሜትር ከፍታ በላይ ያለው የዚህ አካባቢ ፀሐይ ግን ቶሎ ያገረጣዋል። በጥቁር ድንጋይ ላይ ነጭ ወይም ክሬም የዘይት ቀለም የተሻለ ዕድሜ አለው። ከሁሉም የሚሻለው ቀለሙ ቢለቅ እንኳ በጥላው የሚነበብ ጥልቅ ቅርጽ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ጽሑፉ። የብዙ መታሰቢያ ጥፋት ድንጋዩ ሳይሆን ጽሑፉ ነው። በመጀመሪያ ልኩን እወቁ። 100 በ70 የሆነ ድንጋይ በየጎኑ 8 ሳንቲሜትር ኅዳግ ተትቶ፣ ስሙ በሁለት መስመር በ6 ሳንቲሜትር ፊደል ተጽፎ፣ የቀረው በ2 ሳንቲሜትር ተኩል ፊደል ቢቀረጽ የሚይዘው ስምንት መስመር ያህል ነው። በመስመር ስድስት ቃል ብንል ከ45 እስከ 50 ቃል መሆኑ ነው። ኮሚቴ ሁልጊዜ 150 ቃል ይዞ ይመጣል። ቤቱም ደንበኛ እንዳይሸሽ ፊደሉን ወደ 1 ሳንቲሜትር ያጠብብና «ገብቷል» ይላል። ገብቷል፣ ግን አይነበብም። የትውልድ ቦታ፣ የጦር ክፍል፣ የዘመተበት፣ የተሸለመው ሜዳይና ዓመቱ ይበቃሉ። የኮሚቴው አባላት ዝርዝርና የስፖንሰር ዓርማ ፊት ለፊት ቦታ የላቸውም፤ የግድ ከሆነ በመደቡ ጎን ይጻፉ።

ማዕረግ አታሳጥሩ። በወረቀት «ሻ/ል» ሻምበል፣ «ሻ/ቃ» ሻለቃ መሆኑን የሚያውቅ ያውቃል። ድንጋይ ላይ አንዷ ፊደል ትንሽ ስትፋቅ ሰውየው በማዕረግ ይወጣል ወይም ይወርዳል። ቤተሰብ የሚጽፈው የመጨረሻውን ማዕረግ ነው፤ ሜዳዩ የተሰጠው ግን አሥር አለቃ ሳለ ሊሆን ይችላል። «በወቅቱ አሥር አለቃ» የምትል ሐረግ ጭቅጭቁን ትዘጋለች። ክፍሉ በጅምላ የተሸለመውንና ሰውየው በግሉ ያገኘውን ደግሞ ለዩ። ማስረጃው የሽልማቱ የምስክር ወረቀት ነው፤ ወረቀቱ ከጠፋ የጥንታዊት ኢትዮጵያ ጀግኖች አርበኞች ማኅበርን፣ እንደ ዘመቻው የኮሪያ ዘማቾች ማኅበርን ወይም መከላከያን መጠየቅ ይቻላል። ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የወጣውን አዲስ ዘመን ጋዜጣ ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት) ገብቶ ማገላበጥም አያስከፋም።

የዘመን አቆጣጠር ስሕተት ከሁሉም የበዛ ነው። ቃኘው ሻለቃ ወደ ኮሪያ የተንቀሳቀሰው በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር 1951። ከኢንተርኔት 1951ን ቀድቶ «ዓ.ም.» የሚል የሚለጥፍ ጸሐፊ ሰውየውን ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ያዘምተዋል። የኮንጎ ዘመቻ በ1952 መጨረሻ ይጀምራል፣ የሶማሊያ ወረራ ከ1969 እስከ 1970 ነው፣ የካራማራ ድል የካቲት 26 ቀን 1970 ነው። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ዓመት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት መሆኑን ያልያዘ ሰው ቀን እንዲቀይር አይፈቀድለት።

የግዕዝ ቁጥር ያምራል፣ እኛም እንወደዋለን፤ ግን የሚጽፈው ሰው ይወቀው። 1943 ሲጻፍ ፲፱፻፵፫ ነው። ማስታወቂያ ቤት መቶውን ዘልሎ ፲፱፵፫ ይጽፋል፤ ይህ ቁጥር አይደለም። ጥርጣሬ ካለ በተለመደው አኃዝ ይጻፍ።

የፊደል አጣጣል ጉዳይም አለ። ኃይለን በኃ ጀምሮ ሁለተኛው መስመር ላይ በሀ መጻፍ፣ ፀሐይን አንዴ በፀ አንዴ በጸ መጻፍ አንባቢ ዓይን ውስጥ ይገባል። ስሙን ሰውየው በፊርማው እንደጻፈው አድርጉ፤ የቀረውን አንድ ወጥ አድርጉት።

ማስታወቂያ ቤቶች እዚህ ላይ ይመሰገናሉ፤ ኮረል ድሮው የሚባለውን የዲዛይን ፕሮግራም ያውቃሉ፣ ፎንትም አላቸው። ወጥመዱ ፋይሉ ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ሲሄድ ነው። በድሮው ፓወር ግዕዝ ወይም ቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ጽሑፍ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ፊደል ትርምስ ይሆናል፤ የፕሎተሩ ልጅም በስሜት እንደገና ይተይበዋል። ስሕተቱ የሚገባው እዚያ ነው። በየትኛውም ኮምፒውተር በሚነበበው ዩኒኮድ፣ ለምሳሌ በኒያላ ፎንት፣ አስጽፉ፤ ከዚያ ጽሑፉ ሙሉ በሙሉ ወደ ከርቭ (ፊደሉ እንደ ሥዕል መስመር ወደሚሆንበት) ተቀይሮ በፒዲኤፍ ይላክ። ከርቭ የሆነ ጽሑፍ ማንም በስሜት አያርመውም። በመጨረሻም በእውነተኛ መጠኑ በተራ ባነር ወይም ወረቀት አሳትሙት፣ ግድግዳ ላይ ስቀሉት፣ ሦስት ሰው ከመጨረሻው ቃል ወደ መጀመሪያው እየተመለሰ ያንብበው። አንዱ የቤተሰብ ሰው፣ አንዱ ጡረተኛ ወታደር፣ አንዱ የአማርኛ መምህር ቢሆን ጥሩ ነው። ሦስቱ ሳይፈርሙ ስቲከር አይቆረጥ። ይህን የማይቀበል ቤት ችኩል ነው።

ምስል ይግባ ከተባለ ውልውል ጥቁር ግራናይት ብቻ ነው የሚሆነው። እዚህ የሌዘር ጥቅም ይታያል። ፎቶው በስልክ ተነሥቶ በቴሌግራም የተላከ ሳይሆን ዋናው በ600 ዲፒአይ ስካን የተደረገ ይሁን። አንድ ነገር በደንብ እዩ፦ ሜዳይ የሚሰካው በግራ ደረት ነው። ምስሉ ለውበት ወይም በስሕተት ከተገለበጠ ሜዳዮቹ በቀኝ ይወጣሉ፣ የደንብ ልብሱ ቁልፍም ወደ ተሳሳተው ጎን ይዘጋል። ቤቱ አያስተውለውም፤ በምረቃው ቀን ፊት ወንበር የተቀመጡት አርበኞችና ዘማቾች ግን ወዲያው ያዩታል።

መሠረት ላይ ሁሉም ቤቶች ደካማ ናቸው። ሐውልት ሠሪው የመቃብር ልምዱን ይዞ 30 ሳንቲሜትር ቆፍሮ ይተክላል። በእንጦጦ ጥግ ወይም በቡራዩ ቀይ አፈርና አለት ላይ ምናልባት ያመልጥ ይሆናል። በአቃቂ፣ በገላን፣ በዱከም መስመር ግን ያለው ጥቁር መረሬ ነው፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ የዛሬ ዓመት ድንጋዩ እንደ ሰከረ ሰው ያጋድላል። መረሬ ላይ ቢያንስ 1 ሜትር ተቆፍሮ ጥቁሩ አፈር ይውጣ፣ በሰሌክት ማቴሪያል (በተመረጠ የሙሌት አፈር) በ20 ሳንቲሜትር ንብርብር እየተጠቀጠቀ ይሞላ፣ ከዚያ በላይ 120 በ80 በ40 ሳንቲሜትር የሆነ ኮንክሪት ይሙላ። ይህ 0.38 ሜትር ኩብ ያህል ነው፤ ለ1 ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ሲሚንቶ 2 ሳጥን አሸዋና 3 ሳጥን ጠጠር ብለን ስንሠራ 3 ከረጢት ይፈጃል። 2 ብቻ ይዞ የመጣ ግንበኛ አሸዋ ሊያበዛ ነው። ባለ 12 ፌሮ በ20 ሳንቲሜትር ርቀት ተሸርቦ ከታች 5 ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ ይቀመጥ፣ ለመደቡ የሚቆመው ፌሮ አብሮ ይታሰር። ሙሌቱ 7 ቀን ውሃ ይጠጣ፤ ድንጋዩ ከ2 ሳምንት በፊት አይሰቀል። ውሃ ማጠጣቱን «ጥበቃው ያጠጣዋል» ብሎ መተው የተለመደ ነው፤ ጥበቃው አያጠጣውም።

ድንጋዩን በሲሚንቶ ብቻ መለጠፍ ሁለት ጣጣ አለው። አንደኛ እርጥበት ከኋላ ገብቶ ነጭ ጨው ያወጣል። ሁለተኛ መንገድ ሲሰፋ ወይም የኮሪደር ልማት ሲመጣ ሳይሰበር አይነሣም። በአራቱ ጥግ ከጠርዙ ቢያንስ 5 ሳንቲሜትር ገባ ብሎ ተበስቶ በማይዝግ ብረት ብሎን ይታሰር፣ ብሎኑ ኮንክሪት ውስጥ ኢፖክሲ በሚባለው ጠንካራ ሙጫ ይያዝ፣ ጭንቅላቱ በተራ ቁልፍ እንዳይፈታ ከላይ በድንጋይ ክዳን ይሸፈን። ተራ ብረት አታስገቡ፤ ሲዝግ ያብጥና ድንጋዩን ከጥግ ይሰነጥቀዋል፣ ቡናማ ዕንባም ያወርዳል። የድንጋዩ ግርጌ ከመሬት 60 ሳንቲሜትር ከፍ ይበል፤ የመኪና ጎማ የሚረጨው ጭቃ ብዙውን ጊዜ ከዚያ በታች ነው። እንደ መጽሐፍ ማንበቢያ የተጋደመ መደብ በፎቶ ያምራል፤ አቧራማ መንገድ ላይ ግን ፊደሉ ውስጥ አፈር ይሞላል፣ ሰውም ጀበና ያስቀምጥበታል። ቀጥ ያለው ይሻላል።

ቦታው ከቦይ ማዶ፣ ታክሲ መቆሚያ ወይም መኪና ዞር የሚልበት ሰፊ ዳር ቢሆን ጥሩ ነው። ኩርባ ላይና ባሕር ዛፍ ሥር አትትከሉ፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል ድንጋዩን ያቀልመዋል፣ ሥሩ መሠረቱን ያነሣል። ፈቃዱ ከተማው ውስጥ ከሆነ ከወረዳና ክፍለ ከተማ፣ እንዲሁም ከከተማው መንገዶች ባለሥልጣን ይጠየቃል። ከከተማው ሲወጣ በአብዛኛው በኦሮሚያ ሥር ያለው ሸገር ከተማ ነው፤ ዋና አውራ ጎዳና ዳር ከሆነ የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደርም ያገባዋል። ሸገር ውስጥ የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ድንጋዩ በሁለቱም ቋንቋ ይጻፍ፤ ያን ጊዜ ስፋቱን ወደ 140 ሳንቲሜትር አሳድጉት። ቁቤ የማያነብ ተየቢ የተደገሙ ፊደላትን አንድ እያደረገ ትርጉም ያበላሻልና ለዚያም የራሱ አራሚ ይኑር።

ምረቃው ሚያዝያ 27፣ የካቲት 23 ወይም የካራማራ ቀን እንዲሆን የሚፈልግ ኮሚቴ ቢያንስ ከሁለት ወር ተኩል በፊት ድንጋዩን ይዘዝ፤ ሚያዝያ ላይ የበልጉ ዝናብ ሙሌቱን ሊያዘገይ ይችላል። ድንጋዩን በፕላስቲክና በፕላስተር አትሸፍኑ፤ ሙጫው ውልውሉ ላይ ይቀራል። ከላይ ከኋላ የተንጠለጠለ ጨርቅ በአንድ ገመድ የሚወርድ ሆኖ ከባለሥልጣኑ በፊት አንዴ ይሞከር። የሲሚንቶ ፍንጣሪ ሲታይ አሲድ ይዞ የሚሮጥ ሠራተኛ ይኖራል፤ እብነ በረድ ከሆነ ወዲያው ያቃጥለዋል። ውሃ፣ ለስላሳ ብሩሽና ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል።

ነጥብ እንስጥ። ሐውልት ቤቶች ለቅርጽ ከ5 4፣ ለጽሑፍ 2፣ ለመሠረት 1። ማሽን ቤቶች ለድንጋይ ጥራትና ቁርጥ 4፣ ለቀረው ሁሉ «ሌላ ሰው እንጠራላችኋለን» ስለሚሉ ነጥብ የላቸውም። ማስታወቂያ ቤቶች ለፋይል ዝግጅት 4፣ ለድንጋይ ምርጫ 2፤ በአሉሚኒየም ላይ የተለጠፈ ስቲከር «ታሪካዊ ምልክት» ብለው ካቀረቡ ደግሞ 0።

ዋጋ ስትነጋገሩ ድንጋዩ በካሬ፣ ቅርጹ በፊደል ወይም በካሬ፣ ትራንስፖርት፣ ተከላና ጫኝና አውራጅ ለየብቻ ይጻፍ። የመጨረሻው ካልተጻፈ ድንጋዩ መኪና ላይ እያለ የሰፈሩ ልጆች ሌላ ዋጋ ይጠራሉ። ክፍያውን 40 በመቶ ሲታዘዝ፣ 40 በመቶ ቅርጹ ታይቶ ቤቱ ውስጥ ሲጸድቅ፣ 20 በመቶ ከተከላ በኋላ አድርጉት። ብዙ ቤት ክረምቱ እስኪያልፍ 20 በመቶውን አይጠብቅም፤ ቢያንስ 10 በመቶውን እስከ መስከረም ያቆይ እንደሆነ ጠይቁ። ከርቭ የሆነውን ፋይል በፍላሽ ተቀብላችሁ በቤተሰቡና በዕድሩ ጸሐፊ ዘንድ አስቀምጡ፤ ድንጋዩ በመኪና ቢመታ ዳግመኛ ፊደል መልቀም አያስፈልግም።